ሕመሜን የነገረኝ ዌልሳዊ ቀልደኛ

ይህን የምጽፈው ታምሜ ስለዳንኩ ደስ እንዲላችሁ አይደለም። ደስ ካላችሁ እሰየው። የምጽፈው ተናድጄ ነው፤ ንዴቱም እስካሁን አልበረደልኝም። ድምፁ ለሳምንታት የጎረነነ ሰው ስታገኙ «ብርድ ነው፣ ይለቅሃል» ብላችሁ እንዳታሰናብቱት፣ ወሬው ሲከፋ ደግሞ ከእሱ ደብቃችሁ ለአገር ምድሩ እንዳትነግሩበት ብዬ ነው።

ስሜ ጥሩወርቅ ይባላል። ጄኔቭ የመጣሁት እንግሊዝኛ የሚናገር የአንድ ዲፕሎማት ልጆች ሞግዚት ሆኜ ነው። እነሱ አገር ሲቀይሩ እኔ ቀረሁ። ወረቀቴ ከተስተካከለ በኋላ ፓኪ በሚባለው የጄኔቭ ሰፈር ባለች አንዲት ትንሽ ሆቴል ቁርስ አዘጋጅ ነበር፤ ማደሪያዬ ከከተማው ዳር፣ ቬርኒየ ነው። ይህ እንግዲህ የእንጀራ ሥራዬ ነው። የልቤ ሥራ ማሳቅ ነበር። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ፣ ጄኔቭም ሆነ ሎዛን፣ የሐበሻ ሠርግ ወይም ክርስትና ያለ እኔ አይሞቅም ነበር። ሙሽራውን እተርባለሁ፣ ሚዜዎቹን መግቢያ አሳጣለሁ፣ ከዚያ ማይኩን እንደያዝኩ እዘፍናለሁ። ዘፋኝ ነኝ አልልም። ግን ሰዉን በሳቅ ካደከምኩት በኋላ ስዘፍን ከወንበሩ የሚነሳ አልነበረም።

ድምፄ መጎርነን የጀመረው በጥምቀት ሰሞን ነው። መጀመሪያ ሰው ወደደልኝ፤ «ወፍራም ድምፅ አወጣሽ» እያሉ አሞገሱኝ። ፋሲካ ደረሰ፣ አልለቀቀኝም። የሰፈሬ ሐኪም ምላሴን ተጭኖ አየና ብርድ ነው አለኝ፤ ሽሮፕ ጠጣሁ። ሁለተኛዋ ሐኪም የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ እየመጣ ነው የሚያቃጥልሽ ብላ በርበሬ ከለከለችኝ። ሐበሻን በርበሬ ከልክሎ ሕመሙን ማወቅ አይቻልም፤ ያልታመመውም ጎኑ ይታመማል። ሦስተኛው ደግሞ ጉሮሮዬን ሳያይ አገሬን ጠየቀኝና «ስደተኛ ሴቶች ሐዘናቸውን ጉሮሯቸው ውስጥ ይይዙታል» አለኝ። «ዶክተር፣ እኔ ሐዘን ይዤ አላውቅም፤ ማይክ ላይ ነው የምተፋው» ብለው ፈገግ እንኳ አላለም። የሚያረጋጋ ክኒን አዘዘልኝ። ክኒኑ በደንብ አስተኛኝ፣ ድምፄ ግን እንደ ተዘጋ ቀረ።

ወገኖቼም አላረፉም። አንዷ ዓይን በልቶሻል ትለኛለች። ሌላዋ ዝንጅብል በማር ታመጣለች። ከአዲስ አበባ በሰው እጅ የመጣ ጠበልም ደረሰኝ። ሁሉንም ጠጣሁ፤ ጠበሉን በእምነት፣ ሌላውን በይሉኝታ። ማታ ጋደም ስል ግን የሆነ ነገር ጉሮሮዬ ላይ ቁጭ ይልብኛል፣ ምራቄን ስውጥም ጆሮዬን ይወጋኛል። ቀን ሰው ሳስቅ ውዬ ማታ ብቻዬን ስሆን እፈራ ነበር። ፍርሃቱን ለማንም አልተናገርኩም፤ አስቂኝ ሰው ፈራሁ ሲል ማን ያምነዋል?

ታላቅ ወንድሜ ጌታሁን የሚኖረው ዙሪክ አጠገብ ክሎተን ነው፤ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ለበረራ ምግብ በሚዘጋጅበት ወጥ ቤት ይሠራል። አባታችን ከሞተ ወዲህ አባቴም እሱ ነው። አንድ ቀን ደውሎ ድምፄን ሲሰማ «ማን ልበል?» አለኝ። እኔ ነኝ ስለው ስልኩን ዘጋው። በማግስቱ በባቡር መጥቶ ሻንጣዬን አስያዘኝ። ኢንሹራንሱ ያለሽው ጄኔቭ ነው ብሎ ሲያስቸግር፣ ጋሼ ጌታሁን ከቢሮ ቢሮ ተንከራቶ አድራሻዬን ወደ ክሎተን አዞረው። ይህን ውለታውን አልረሳም። የምናደድበት ሌላ ነው።

ዙሪክ ያለው ሐኪም ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፍንጫዬ አስገብቶ ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ። ከጉሮሮዬ ናሙና ወሰደ። ውጤቱ የመጣ ዕለት በጀርመንኛ ረጅም ንግግር አደረገ። እኔ ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ እንጂ ጀርመንኛ አልሰማም። ጋሼ ያዳምጣል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ከንፈሩን ይልሳል። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «እብጠት ነው። በጨረር ይጠፋል» አለኝ።

«ያ ሁሉ ንግግር ይህችን ለማለት ነው?»

«ጀርመንኛ ረጅም ነው» አለኝ።

ሳቅሁ። እሱ ግን አልሳቀም።

ጨረር አይታይም፣ አይሰማም። ከባዱ ጭንብሉ ነው። በፊቴ ልክ የተሠራ የፕላስቲክ ጭንብል አጥልቀው እንዳልነቃነቅ ከጠረጴዛው ጋር ያያይዙኛል። ማሽኑን የምታንቀሳቅሰው ሴት ከክፍሉ ከመውጣቷ በፊት እግሬን ጨበጥ አድርጋ ትይዘኝ ነበር። ቋንቋ ስለሌለን ነው መሰለኝ። እግዚአብሔር ይስጣት፣ ከመድኃኒቱ እኩል ነው የቆጠርኩላት። መጠበቂያ ክፍሉ ምድር ቤት ነው፤ መስኮት የለውም። ሥራ በተገባ ቀን ሁሉ በዚያው ሰዓት እነዚያው ሰዎች ይመጣሉ። «ግሩኤትሲ» ብለው ሰላምታ ይሰጡና ሁሉም የየራሱን ጫማ ያያል።

አንድ ቀን አንድ ረጅም ሽማግሌ ገባ። ኮቱ ያማረ ነው፤ ካልሲው ግን አንዱ ቀይ አንዱ አረንጓዴ። መሀል ላይ ቆመና እንደ ሹክሹክታ በምትወጣ ድምፅ፣ በእንግሊዝኛ፣ «የዛሬው ታዳሚ ከትናንቱ ይሻላል፤ የትናንቱ ይተነፍስ አይመስልም ነበር» አለ። ከእኔ በቀር የሳቀ የለም። የእኔም ሳቅ እንደ ሳል ነው የወጣው። መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። «ይህን ያህል ዘመን ስዊዘርላንድ ስኖር በመጀመሪያው ቀልድ የሳቀልኝ ሰው አንቺ ነሽ። ከየት ነው የላኩሽ?» አለኝ።

ስሙ ኤምሪስ ነው፤ የዌልስ ሰው። ዌልስ የእንግሊዝ ጎረቤት ናት። እንግሊዛዊ ካልኩት ወንበር ይቀይርብኛል። ዕድሜው አንቱ የሚያስብል ነው፤ ነገር ግን ነርሶቹ ፊት ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ እንደ ዳክዬ የሚራመድን ሰው አንቱ ለማለት ብዕሬ እምቢ አለኝ። ወረፋችን ተከታታይ ስለነበረ ሕይወቱን በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ ነገረኝ። ስሙ ሲጠራ ያቋርጣል፣ በማግስቱ ካቆመበት ይቀጥላል።

የተወለደው የድንጋይ ከሰል የሚቆፈርበት መንደር ነው። አባቱም አያቱም ቆፋሪዎች ነበሩ። እዚያ አገር ሁሉም ሰው ይዘምራል፤ የማይዘምር ከተገኘ ጎረቤት ምን ነካው ብሎ ሊጠይቀው ይመጣል አለኝ። የእሱ ድምፅ ከሁሉ ስለሚለይ ለትልቅ የመዝሙር ውድድር ተመርጦ ሄደ። መድረክ ላይ ቆሞ ሁለተኛውን ስንኝ ረሳው። ፒያኖ የሚመታው ሰውዬ ዜማውን መለሰለት። አሁንም ረሳው። ሰውዬው ደግሞ መለሰለት። ይኼኔ ኤምሪስ ወደ ፒያኖው ዞሮ «አንተ ሰውዬ፣ ይህን ያህል ከወደድከው ለምን አንተ አትዘፍነውም!» ብሎ ጮኸበት። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። «ውድድሩን በዚያች ደቂቃ ተሸነፍኩ፣ የዕድሜ ልክ ሥራዬንም በዚያችው ደቂቃ አገኘሁ» አለኝ።

ደስ ብሎት ግን አልነበረም። ዘፋኝ መሆን የሚፈልግ ሰው ነው፤ ሰው ደግሞ ገና ብቅ ሲል ይስቃል። መጀመሪያ ወታደሮችን አሳቀ። ከዚያ በበጋ ወራት ባሕር ዳር ባሉ ከተሞች ቲያትር ቤቶች ሠራ፣ ከዚያ ሬዲዮ፣ ከዚያ ቴሌቪዥን። መንገድ ላይ እያስቆሙት «እስቲ ያቺን ፊትህን አሳየን» ይሉት ነበር። እሱም አንድ ነገር አጥብቆ ያዘ፤ በየትርዒቱ መጨረሻ ያለ አንዳች ቀልድ፣ በገዛ ቋንቋው፣ አንድ ዘፈን ይዘፍናል። አዘጋጆቹ ተው ይሉታል፣ ሰዉ ለሳቅ እንጂ ለዚህ አልመጣም ይሉታል። እሱ ወይ ፍንክች። «መጀመሪያ አስቃቸዋለሁ። ሲስቁ በሩ ይከፈታል። እኔ የምገባው ያኔ ነው» አለኝ። ክንዱን ይዤ ጨመቅሁት። ማንም ያልገባውን የእኔን ሥራ፣ ዙሪክ ምድር ቤት ውስጥ፣ ቋንቋዬን የማያውቅ ሰው አፍ ላይ አገኘሁት።

በኋላ ጊዜ ተለወጠ። ቴሌቪዥኑ ወጣት ቀልደኞችን ወደደ፤ ኤምሪስም የመንገደኛ መርከቦች ላይ መሥራት ጀመረ። እዚያ ነው ሩትን ያገኛት፤ የዙሪክ ሴት ናት። ቀልዱን ሁሉ ሳትስቅ ሰምታ በመጨረሻው ዘፈን አለቀሰች። «እንዲህ ዓይነቷን ተመልካች ማግባት እንጂ ሌላ ምን ይደረጋል?» አለኝ። ዙሪክ መጥቶ የአረጋውያን መኖሪያ ቤቶች እየዞረ ይሠራል። እሱ በእንግሊዝኛ ይቀልዳል፣ ሩት አጠገቡ ቆማ ወደ ጀርመንኛ ትመልሰዋለች። «ቀልዴ በእሷ አፍ ሲወጣ የባቡር ማስታወቂያ ይመስላል፤ ሽማግሌዎቹ ሻንጣቸውን ይፈልጋሉ» አለኝ።

እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የዙሪክ ሐበሻ ሊጠይቀኝ ወንድሜ ቤት ይሞላል። በተረፈችኝ ድምፅ እተርባቸዋለሁ። ይስቃሉ። ግን ሳቃቸው ይቀድመኛል፤ ቀልዱን ሳልጨርስ ይስቃሉ፣ የማያስቀውንም ይስቃሉ። አንዲት ሴት እየሳቀች በነጠላዋ ዓይኗን ጠረገች። እንዲህ ዓይነት ሳቅ አይቼ አላውቅም። ሕመሙ ነው ያጃጃለኝ ብዬ ተውኩት።

ጨረሩ ከተጋመሰ በኋላ ሐኪሞቹ እንደገና በካሜራ አዩኝ። እንደገና ረጅም ጀርመንኛ ተነገረ። ጋሼም «ጥሩ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት በትንሽ ኦፕራሲዮን የቀረውን ጠረግ ያደርጉልሻል» አለኝ። ፊቱ አመድ መስሏል። የሌሊት ፈረቃ ነው ያደከመው አልኩ። በማግስቱ ሥራ ስለነበረው ብቻዬን ሄድኩ።

ኤምሪስ ሲያየኝ ፊቱ በራ። «ትናንት አንቺ ጭንብሉ ውስጥ ሳለሽ ወንድምሽ ነገረኝ። ለካ በአንድ ሳምንት ነው የሚያወጡልን! አንድ ፎቅ ላይ እንዲያስተኙን ልጠይቃቸው ነው። ሁለት ቀልደኛ፣ አንድም ድምፅ የለ!»

«ምናችንን ነው የሚያወጡት?»

«ማንቁርታችንን ነዋ! የድምፃችንን ቤት» አለና ጣቱን እንደ ቢላ በአንገቱ ላይ ጎተተው። «ካንሰሩ ለጨረር አልበገርም ካለ ምን ይደረጋል?»

ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ የታዳሚ ፊት ሲያነብ የኖረ ነው፤ የእኔንም ወዲያው አነበበ። ሁለት እጁን አፉ ላይ ጫነ። «ወይኔ፣ አልነገሩሽም እንዴ?»

የመጣብኝ ለቅሶ አልነበረም፤ ንዴት ነው። ስሜ ተጠራ። ማሽኑን የምታንቀሳቅሰው ሴት ልታስገባኝ መጣች። «አልገባም። ሐኪሙ እዚህ ድረስ ይምጣ» አልኩ። ኤምሪስን ልትወስድ የመጣችው ሩት ተረጎመችልኝ። ሐኪሙ ወረደ። ግራ ተጋብቷል። «ወንድሟ እኮ መስማት አትፈልግም፣ ለእኔ ብቻ ንገሩኝ አለን። ከኦፕራሲዮኑ በፊት በአስተርጓሚ ላነጋግራት ቀጠሮ ይዤያለሁ» አለ። አስተርጓሚው ማን እንደነበረ ለመገመት አልተቸገርኩም።

ሩት ቃል በቃል አስረዳችኝ። ማንቁርቴ ከወጣ ካንሰሩ አብሮ የመውጣት ዕድሉ ሰፊ ነው፤ እኔ ግን በተፈጠርኩበት ድምፅ ዳግመኛ አልናገርም፣ የምተነፍሰውም አንገቴ ላይ በሚከፈት ቀዳዳ ነው። ጨረሩን ከጨረስኩ ድምፄ ሊተርፍ ይችላል፤ ካንሰሩ ግን ሊቀር ወይም ሊመለስ ይችላል፣ ያኔ ኦፕራሲዮኑ ይከብዳል። ምን ይመክሩኛል ብዬ ጠየቅሁት።

«እኔ ብሆን ኦፕራሲዮኑን እመርጥ ነበር» አለ።

«እርስዎማ አይዘፍኑም» አልኩት። «ጨረሩን እጨርሳለሁ። እምቢ ካለ ያኔ ትቆርጡኛላችሁ። ከዛሬ ጀምሮ ግን ለእኔ ንገሩኝ።»

እዚህ ላይ አንባቢዬን አደራ እላለሁ። የእኔን ምርጫ ምረጡ ማለቴ አይደለም። ኤምሪስ እንኳ የመረጠው ቢላውን ነው፤ «ዘፍኜ ጠግቤያለሁ፣ ከሩት ጋር መኖር ግን አልጠገብኩም» አለ። እሱም ልክ ነው፣ እኔም ልክ ነኝ። ሁለታችንም ዓይናችንን ገልጠን መረጥን።

ማታ ጋሼ ጌታሁን ከሥራ ሲገባ ወጥ ቤት ቆሜ ጠበቅሁት። ገና ሲያየኝ ኮቱን ሳያወልቅ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«ማን ነገረሽ?»

«አንተ ግን ያልነገርከው ማን አለ?»

አንገቱን ደፋ። ለካ የዙሪክ ቤተ ክርስቲያን ያውቃል፣ ጄኔቭ ያውቃል፣ ሎዛን ያውቃል፣ አዲስ አበባ ያሉ አክስቶቼ ሳይቀሩ ስለት ገብተዋል። ከእኔ በቀር ያልሰማ የለም።

«እማዬን ረሳሻት?» አለኝ። «ነገርናት፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች፣ በዚያው ቀረች።»

«እማዬን የገደላት በሽታው ነው ጋሼ፣ ወሬው አይደለም።»

ይኼኔ ጮኸብኝ። ጋሼ ጮኾብኝ አያውቅም። «ድምፅሽ ምን ይሠራልኛል! ዘፈንሽም ተረብሽም ይቅርብኝ! ዲዳ ሆነሽ እዚህ ወንበር ላይ ብትቀመጪልኝ ይበቃኛል!»

ልቤ ተሰበረ፤ አልዋሽም። አቅፌው አለቀስኩ። ግን አልተመለስኩም። «ለአንተ ይበቃሃል፣ ለእኔ ግን አይበቃኝም» አልኩት። በማግስቱ ፈቃድ ጠይቆ አብሮኝ መጣ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሐኪሙ ያለውን፣ ክፉውንም ደጉንም፣ አንድ ሳያስቀር ይተረጉምልኝ ነበር። አንዳንዴ ክፉው ላይ ሲደርስ ድምፁ ይቆራረጣል። እኔም እስኪጨርስ እጠብቀዋለሁ።

የቀረው ጨረር ቀላል አልነበረም። የአንገቴ ቆዳ ተላጠ፣ ውኃ እንኳ እንደ እሳት ወረደልኝ፣ ልብሴ ሁሉ ሰፋኝ። ለሳምንታት ጭል የምትል ድምፅ እንኳ አጣሁ። ወንድሜ ሾርባ በማንኪያ ሲሰጠኝ በዓይኔ እተርበዋለሁ፤ ይገባዋል። ከዚያ ቀስ በቀስ እብጠቱ ሟሸሸ፣ ካሜራው ምንም አላገኘም። ሐኪሙ ገና አምስት ዓመት እከታተልሻለሁ አለኝ፣ ጋሼም እንዳለ ተረጎመው።

ኤምሪስ አንገቱ ላይ ቀዳዳውን ይዞ ከሆስፒታል ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ሩት ወደ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ጠራችኝ። ማይክ የለ፣ ትርጉም የለ። በፊቱና በእጁ ብቻ ባቡር ያመለጠውን ስዊስ ሠራ፣ ጥርሱን ሾርባ ውስጥ የጣለ ሰውዬ ሠራ። ሽማግሌዎቹ ወንበራቸውን እየደበደቡ ሳቁ። ያን ሁሉ ዓመት ያልሳቁለት ሰዎች! መጨረሻ ላይ ፒያኖው ተመታ። ኤምሪስ ኮቱን ቆለፈና ቀጥ ብሎ ቆመ። ዘፈኑን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ አፉን እየከፈተ፣ ያለ ድምፅ ዘፈነው። እስኪጨርስ ያሳለ ሰው የለም። ዘፈኑን አልተወላቸውም፤ እኔም እንዲያ ነው እምቢ ማለት ብዬ ወጣሁ።

በቀጣዩ እንቁጣጣሽ ቬርኒየ አዳራሽ ውስጥ ማይክ ያዝኩ። ድምፄ ዘይት ያጣ በር ሆኗል። ገና ስወጣ ሰዉ ተነስቶ አጨበጨበ፣ አንዳንዶቹም አነቡ። «ተቀመጡ፣ ገና ምንም አልሠራሁም» አልኩ። ከዚያ በአገራችን ሰው አፍ «ያ በሽታ» እየተባለ የሚታለፈውን ነገር በስሙ ጠራሁት። «ካንሰር ነበረብኝ።» ያማተበ ነበር። «ሁላችሁም ታውቁ ነበር። ሐበሻ በታሪኩ አንድ ምስጢር ጠበቀ፣ እሱንም ከባለቤቱ!» መጀመሪያ ከኋላ አንድ ሰው ፈነዳ፣ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ። ሲደክማቸው ዘፈንኩ።

ስጨርስ እትዬ አሰለፈች ወደ እኔ መጡ። ከጥንት ጀምሮ ጄኔቭ የኖሩ፣ ጡረታ የወጡ ባልቴት ናቸው። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ባለቤቴም በእሱ ነው የሞተው» አሉኝ። «ልጆቹ አትንገሪው ስላሉኝ ጨጓራ ነው እያልኩት ሞተ። አንዳንዴ ዝም ብሎ ያየኝ ነበር። ያውቅ ነበር ትያለሽ?»

አላወቁም፣ በሰላም ነው ያረፉት ማለት ቀላል ነው። ለዚህ ለዚህ አፋችን የተፈታ ነው። ግን ይህን ጉሮሮ ያተረፍኩት ለእሱ አይደለም።

«ያውቁ ነበር፣ እትዬ።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቀኝም?»

«ማንን ይጠይቁ? ሁላችሁም ጨጓራ ነው ብላችኋቸዋል።»

እጄን የሚለቁኝ መሰለኝ። አልለቀቁኝም። አጠገባችን ያለውን ወንበር በእግራቸው ሳብ አደረጉ።

«ተቀመጪ» አሉኝ። «ስለ እሱ ልንገርሽ።»